«ለእሱ ሞዴል የለንም» መባል ሰለቸኝ

ወገን፣ ዛሬስ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም።

ሚኒሶታ ነው የምንኖረው፣ ከከተማው ወጣ ብለን። ከዋናው መንገድ እስከ ቤታችን 90 ሜትር የጠጠር መግቢያ አለ። እኔ ሌሊት 10 ሰዓት ለሥራ ስወጣ፣ ባለቤቴ ከሌሊት ፈረቃ ጠዋት ስትመለስ፣ ያቺን 90 ሜትር ማለፍ ግድ ነው። አራት ዊንተር ሙሉ በአካፋ ጠርጌያለሁ።

ወገብ የሚቆርጠው ከሰማይ የሚወርደው አይደለም። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ ቀላል ነው፤ አንዱ ሜትር ኩብ 100 ኪሎ ላይሞላ ይችላል። የኔ ጠላት የመንገድ ጠራጊው መኪና ሲያልፍ መግቢያችን አፍ ላይ ገፍቶ የሚያቆመው ግንብ ነው። እሱ ተጠቅጥቆ፣ ጨውና ጭቃ ተቀላቅሎበት፣ ሜትር ኩቡ 400 ኪሎ ይደርሳል። ሁለት ሰዓት ከቆየ ድንጋይ ነው። መልሼ ወደ መንገዱ ልግፋው ብል ደግሞ ሕግ ጣስኩ ማለት ነው፤ በሚኒሶታ ሕግ በረዶ ወደ ሕዝብ መንገድ መግፋት ክልክል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፣ መኪና ይገለብጣል። ታዲያ ከመንገዱ ወደ እኔ የመጣውን የት ልውሰደው?

እንዲህ ስል ነው አሮጌ ትንሽ ትራክተር የገዛሁት። የጃፓን ሥራ፣ 22 የፈረስ ጉልበት፣ ሞተሩ ንጹሕ። ከፊት የበረዶ መጥረጊያ ልግጠምላት ብዬ ሻጮች ዘንድ ሄድኩ። አንደኛው፦ «ለእሱ ሞዴል የለንም።» ሁለተኛው፦ «ተቋርጧል፤ አዲስ ትራክተር ግዛ።» ሦስተኛው ኮምፒውተሩን እንኳ ሳይከፍት «አይቻልም» አለኝ። እሺ፣ ዕቃውን አትሽጡልኝ። ቢያንስ ከሥሯ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ልኬታቸው ስንት ነው? የትኛው ቦታ ጭነት ይችላል? የትኛው አይችልም? አንድ ገጽ ሥዕል ነው የጠየቅኩት። ማንም አልሰጠኝም።

ስለዚህ ራሴ ሠራሁ። ብየዳ ያወቅኩት አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ አገኘሁና ርዝመቱን አንድ ሜትር ተኩል አድርጌ፣ ዙሪያውን ለሦስት ሰነጠቅኩት። አንዱ ሲሶ ከፍታው ግማሽ ሜትር የሚያህል ጥሩ ጎባጣ ገፊ ይወጣዋል፤ በረዶው እየተጠቀለለ ወደ ፊት ይወድቃል። (አንድ ሰው የነዳጅ በርሜል ቁረጥ ብሎኝ ነበር። እባካችሁ፣ ነዳጅ የነበረበትን በርሜል በእሳት የሚቆርጥ ማንም አይኑር። ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል።)

ገፊው ግሩም ሆነ። የገደለኝ ማሰሪያው ነው። ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት የትራክተሯ አፍንጫ ላይ፣ የፊት አክስሉን (የጎማዎቹን ዘንግ) የሚሸከመው ብረት ላይ በአራት ብሎን አሰርኩት። ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ጠርዙ ከመሬት ጋር የቆረረ ግንድ መታ፤ ያ ቀልጦ የተቀረጸ ብረት እንደ ሸክላ ተሰነጠቀ።

የትንሽ ትራክተር የፊት አክስል መሐሉ ላይ ባለ አንድ ወፍራም ፒን ተንጠልጥሎ ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ነው፤ ጎርበጥባጣ መሬት ላይ አራቱም ጎማ እንዲረግጥ። ያ ቦታ ሞተሩን ከላይ ለመሸከም እንጂ ከፊት የሚመጣ ግፊት ለመቀበል አልተሠራም። ጉልበቱ ያለው ከኋላ ጎማ ነው፣ ግፊቱም መመለስ ያለበት ወደ ኋላ አክስል ነው። አባቴ ገበሬ ነው፤ ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ነው ያደግኩት። እኛ አገር በሬ በቀንዱ አይጎትትም። ቀንበሩ ጫንቃው ላይ ያርፋል፣ ሞፈሩ ቀንበሩ መሐል በምራን ይታሰራል፣ ማረሻው ሥር ሲይዘው ኃይሉ በዚያ መስመር ይሄዳል። አንድ ሻጭ «ከአፍንጫዋ ላይ እንዳታስር፣ ከኋላ አክስል አምጣው» ቢለኝ ኖሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር! ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የተሰነጠቀ ብረትና የሦስት ሳምንት አካፋ አስከፈለኝ።

ሁለተኛውን በዚያው መንገድ ሠራሁት። ሁለት ወፍራም ቱቦላሬ በሆዷ ሥር አልፈው ኋላ አክስሉ ላይ በፒን ይያዛሉ፤ አፍንጫዋ አሁን የምታደርገው ገፊውን በትንሽ ዊንች ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ነው። ገፊው ጠንካራ ነገር ሲመታ ወደ ፊት እንዲታጠፍ፣ ከዚያ እንዲመለስ፣ ከእርሻ መሣሪያ ቁራሌ ያገኘኋቸውን ሁለት ሞላዎች ከጀርባው አደረግኩ። ጠጠሩን እንዳያፍስ ከሥሩ መሬት ላይ የሚንሸራተቱ ሁለት የብረት ጫማዎች አሉት። ከኋላ 200 ኪሎ ኮንክሪት፣ ጎማው ላይ ካቴና፤ ያለ እነሱ ባለችበት ትሽከረከራለች።

ብሎኑስ! ትራክተሯ በሚሊ ሜትር፣ ሰፈሩ ያለው ሱቅ በኢንች። 12 ሚሊ ቀዳዳ ውስጥ ግማሽ ኢንች አይገባም፣ ከሱ የሚያንሰው ደግሞ ውስጡ ይንጓለላል። የሚንጓለል ብሎን በየምቱ እየተላጨ ይበጠሳል። ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት (የጥንካሬው ምልክት ነው) የሚሊ ሜትር ብሎን ፍለጋ 40 ደቂቃ ነድቻለሁ፣ ለስምንት ብሎን!

እኔን የሚያናድደኝ ገንዘቡ አይደለም። ትራክተሯ ትችላለች። ገና ብዙ ዓመት ትሠራለች። የሚያውቁት ሰዎች ግን የሚያውቁትን ከሚነግሩኝ አዲስ ብድር ቢያስፈርሙኝ ይመርጣሉ። ስንት ሰው ነው «አይቻልም» ተብሎ ደህና ማሽኑን በርካሽ የሸጠው? ስንት ሰውስ ነው እንደኔ አፍንጫዋ ላይ አስሮ የሰበራት?

እዚህም ሆነ ሌላ በረዷማ ስቴት ያላችሁ፣ እንደኔ ያለች አሮጌ ትራክተር ካላችሁ፣ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ርቀት፣ የቱቦላሬውን ርዝመት፣ የፒኑን ውፍረት በእጄ ሥዬ ጨርሻለሁ። ዛሬ ማታ ፎቶ አንሥቼ ኮሜንት ላይ አደርገዋለሁ። ያልገባችሁን ጠይቁኝ፣ ማንንም «ለእሱ ሞዴል የለም» አልልም።

አሁን ልውጣ። የመንገዱ መኪና አሁን አለፈ፣ ባለቤቴ 1 ሰዓት ላይ ትደርሳለች።