ተለዋጭ ዱር ያላችሁ

አምስት ጓደኛሞች ነን። በዓመት አንድ ሳምንት ከሰው ርቀን፣ ስልክ ዘግተን፣ ታንኳ እየቀዘፍን ወይም በእግራችን እየኳተንን እንከርማለን ተባብለን ከተማማልን ሦስት ዓመት ሞላን። በሦስት ዓመት የሄድነው አንዴ ነው። ስለመሄድ ያወራነው ግን ታንኳ ላይ ቢጫን ያሰጥማል።

ዘንድሮ ቁርጥ ነበር። ቦታው ባውንደሪ ዎተርስ፤ ሰሜን ሚኒሶታ፣ አሜሪካና ካናዳ የሚዋሰኑበት ጥግ። ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ ዱር፣ ከ1,100 በላይ ሐይቅ። አንዱን ሐይቅ ቀዝፈህ ትጨርሳለህ። ታንኳህን ትሸከምና ጫካውን አቋርጠህ ሌላ ሐይቅ ላይ ታስቀምጣለህ። እንዲህ እያልክ ሳምንት። አብዛኛው ሐይቅ ላይ ሞተር ክልክል ነው። በቆርቆሮና በጠርሙስ የታሸገ ምግብና መጠጥ እንኳ ይዞ መግባት አይፈቀድም። የሄዱ ሰዎች ስለ ቦታው ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኛም ሳንሄድ ዝቅ ማድረግ ጀምረን ነበር።

ለካ ዱር ለመግባትም ፈቃድ አለ። ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ በየመግቢያው በቀን የሚገባው ቡድን ብዛት የተወሰነ ነው። ማስያዣው የሚከፈተው ደግሞ ጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ ነው። ብልህ ሰው በረዶ እየወረደ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የጁላይን ፀሐይ ያስይዛል። እኛ ትዝ ያለን ኤፕሪል ላይ ነው። የምንፈልገው መግቢያ፣ በምንፈልገው ሳምንት፣ ዜሮ። ዱሩ ሞልቷል ተባልን። ስታዲየም ሲሞላ አይቻለሁ፣ አውቶቡስ ሲሞላ አይቻለሁ። ዱር ሲሞላ የሰማሁት ያኔ ነው።

ያን ዕለት ማታ ቡድናችን ውስጥ አንዱ «በቃ አማራጭ እንፈልግ» ብሎ ጻፈ። ከዚያች ቃል በኋላ እንቅልፍ የለም።

አማራጭ ፈላጊ ሰው ምን እንደሚፈልግ ልንገራችሁ። ያንኑ ነው የሚፈልገው። ያንኑ ሐይቅ፣ ያንኑ ጸጥታ፤ ሰልፉ ብቻ ይቅርለት። ሰው ያልደረሰበት ይሁን ይላል፣ ግን የደረሱት ሁሉ ጥሩ ነው ብለው የመሰከሩለት። ሩቅ ይሁን፣ ግን ብዙ አያስነዳ። አውሬ ይኑረው፣ ግን ከማዶ ቆሞ ጎኑን ለፎቶ የሚሰጥ። ኔትወርክ አይኑር፣ ግን እሁድ ማታ ለኳሱ ትንሽ ብልጭ ይበል። ትንኝን በተመለከተ ድምፀ ተአቅቦ እንኳ አልነበረም። አምስታችንም ተቃውመናል።

ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ባለ ኤክሴሉ አለ። ሳይተነፍስ በፊት ሰንጠረዥ ይሠራል። ባለ መቅዘፊያዋ አለች። ቦታው ሳይታወቅ፣ ታንኳም ሳይኖረን፣ በሚያማምር እንጨት የተሠራ መቅዘፊያ ገዝታ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሰቅላለች። ባለ ድቡ አለ። ስለየትኛውም ቦታ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ድብ አለ?»። ጋሼ አሉ። በዕድሜ ስለሚበልጡን አንቱ እንላቸዋለን። ማንኛውንም ውይይት የሚከፍቱት «እኔ የተስማማችሁበት ይስማማኛል» በሚል ቃል ነው። ከዚያ የተስማማንበትን ሁሉ አንድ በአንድ ይጥሉታል። አምስተኛው እኔ ነኝ። የእኔ ሥራ ላይክ ማድረግ ነው።

መጀመሪያ የቀረበው ኬቲኮ ነበር። ከባውንደሪ ዎተርስ ድንበሩን ሲሻገሩ የሚገኝ የካናዳ ፓርክ ነው። ውሃው ያው ውሃ፣ ድንጋዩ ያው ድንጋይ። ልዩነቱ ምልክት የሚባል ነገር የለም። የካምፕ ቦታው አይታወቅም፣ ታንኳ ተሸክመህ የምትሻገርበት መንገድ ላይም ታፔላ የለም። ካርታህን አንብበህ ትገኛለህ ወይም አትገኝም።

«ግሩም ነው!» አለች ባለ መቅዘፊያዋ።

«ድብ አለ?»

አለ።

«እኔ የተስማማችሁበት ይስማማኛል» አሉ ጋሼ። «ግን ፓስፖርቴ ከተቃጠለ ሁለት ዓመቱ ነው።»

ኬቲኮ ወደቀ።

ባለ ኤክሴሉ ግን አንዴ ተነሥቷል። ሰንጠረዡ ላይ «መሻገሪያ» የሚል ዓምድ ጨምሮ መጣ። ዓምዱ ውስጥ 40፣ 90፣ 180 የሚሉ ቁጥሮች አሉ።

«180 ምን?» አለች ባለ መቅዘፊያዋ።

«ሮድ።»

«ሮድ ምንድነው?»

«የአንድ ታንኳ ርዝመት በለው።»

«ታዲያ ምን አላት!»

እኔም ላይክ አደረግሁ። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ጓደኝነት የፈረሰው በሮድ ነውና። ሮድ የድሮ የመሬት መለኪያ ነው። አንዱ ሮድ 16.5 ጫማ፣ ማለትም 5 ሜትር ገደማ ነው። የዚያ አካባቢ ታንኳ ቀዛፊ መሻገሪያን ዛሬም በሱ ነው የሚለካው። ለምን በሜትር አይሉትም? ቢሉት ማን ይሄዳል! 180 ሮድ 900 ሜትር ነው። ያውም ጭቃና ሥር በሞላበት መንገድ፣ ታንኳ ጭንቅላትህ ላይ ገልብጠህ፣ ከፊትህ የሚታይህ የራስህ ጫማ ብቻ ሆኖ። ደግሞ አንዴ አይበቃም። የሳምንት ስንቅ፣ ድንኳንና ታንኳ በአንድ ጉዞ የሚሸከም ጀግና እኛ ቡድን ውስጥ የለም። ስለዚህ ታንኳውን ታደርሳለህ፣ ባዶህን ትመለሳለህ፣ ሻንጣውን ይዘህ እንደገና ትሄዳለህ። 900 ሜትሯ 2.7 ኪሎ ሜትር ሆነች ማለት ነው። በቀን እንዲህ ያለ ሦስት መሻገሪያ ካለ 8 ኪሎ ሜትር በእግርህ ሄድክ። መቅዘፍ ነው ብለህ የወጣኸው ሰውዬ ዞረህ ስታየው ታንኳ ሽርሽር የምትወስድ አሽከር ሆነሃል።

ባለ ኤክሴሉ ይህን ሲያስረዳ ቡድኑ ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ማንም አልጻፈም።

ከዚያ ባለ መቅዘፊያዋ መፍትሔ ይዛ ብቅ አለች። ቦውሮን ሐይቅ! ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ያለ የ116 ኪሎ ሜትር ዙር ነው። ሐይቅ ከሐይቅ እየተያያዘ ተራራ ለተራራ ይዞርና የተነሣህበት ይመልስሃል። ሰው ሁሉ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ለእኛ የተሰፋ ነው። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። መሻገሪያው ላይ ታንኳን በጋሪ መግፋት ይፈቀዳል! ጋሪ የሚለውን ቃል ስናነብ አምስታችንም ልብ አደረግን። ደስታው አንድ ቀን ቆየ። በማግሥቱ ባለ ኤክሴሉ ጋሪው ላይ የሚጫነው ዕቃ በኪሎ የተገደበ መሆኑን ይዞ መጣ። የቀረውን ጀርባህ ላይ ታዝለዋለህ። ድብም አለ። ካናዳም ነው። የጋሼ ፓስፖርት ደግሞ እንደተቃጠለ ነው።

አልጎንኩዊንን አንሥተን ወዲያው ጣልን። በ1893 የተቋቋመ ሰፊ ፓርክ ነው፣ ሐይቁም የትየለሌ ነው። ግን ከቶሮንቶ በመኪና ጥቂት ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሁድ ከተማው ራሱ ታንኳ ይዞ ይመጣል። ደግሞ የፓስፖርቱን ነገር በጋሼ ፊት ማን ደፍሮ ያነሣል!

አንድ ሌሊት፣ ማን እንደሆነ ባልናገር፣ ከመካከላችን አንዱ የስዊድኑን ሳሬክን ላከ። ከ1909 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ማደሪያ ጎጆ የለም ማለት ይቻላል፣ የተጠረገ መንገድም እንደዚሁ። ወንዝ ካጋጠመህ ሱሪህን ሰብስበህ ትሻገራለህ። ጠዋት ስንነሣ መልእክቱ ጠፍቷል። እኔ ነበርኩ የላክሁት።

ይህን ሁሉ ጊዜ ያላስተዋልነው ነገር ምን መሰላችሁ? የምናነሣው አማራጭ ሁሉ ራሱ ወረፋ አለው። ዋናው ቦታ ያመለጠው ሰው ሁሉ እንደኛው ማታ ማታ ተቀምጦ ሰው የማያውቀው ቦታ እየፈለገ ነው። ሰው የማያውቀውን ቦታ ሰው ሁሉ ከፈለገው ማንም የማይረብሸው የት ይቀራል? የመኪና ማቆሚያው ሳይቀር አይቀርም።

በመጨረሻ አይል ሮያል መጣ።

አይል ሮያል ሱፒሪየር ሐይቅ መሐል ያለ ትልቅ ደሴት ነው። የሚደረሰው በጀልባ ወይም ውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ብቻ ነው። የበረዶውን ወራት ሙሉ ይዘጋል። ከዳር እስከ ዳር በደሴቱ ጀርባ ላይ የሚሄድ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የእግር መንገድ አለው። እስከ 6 ሰው ለሆነ ቡድን የካምፕ ቦታ ቀድሞ ማስያዝ የለም። ቀድሞ የደረሰ ድንኳኑን ይተክላል። እኛ አምስት ነን! አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ፓስፖርት የለም። ታንኳ አንሸከምም።

«ድብ አለ?»

ባለ ኤክሴሉ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። «የለም» ብሎ ጻፈ።

ባለ ድቡ መልስ አጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ የኖረ ሰው ነው። መልሱ «የለም» ከሆነ ቀጥሎ ምን እንደሚባል አላሰበበትም።

ባለ ኤክሴሉ በዚያው ስሜት ቀጠለ። ግን ስልኩ የራሱ ሐሳብ ነበረው። «ደሴቱ በተኩላና በሙዝ የታወቀ ነው። ተመራማሪዎች ከ1958 ጀምሮ ተኩላው ሙዙን እንዴት እንደሚበላ ሳያቋርጡ ያጠናሉ።»

ጋሼ ወዲያው ገቡ። «ተኩላ ሙዝ ይበላል እንዴ?»

«ሙስ ለማለት ነው ጋሼ። ከፈረስ የሚበልጥ የአጋዘን ዘር ነው።»

«እኔ ደግሞ ሙዙ ካለ ስንቅ ይቀልልናል ብዬ!»

የተኩላዎቹ ታሪክ ግን እኔን ነካኝ። ከብዙ ዓመት በፊት መጀመሪያ የገቡት ሐይቁ በረዶ ሲሆን በእግራቸው ተሻግረው ነው። ጃንዋሪ ላይ አላስያዙም፣ ሰንጠረዥ አልሠሩም። በኋላ ዘራቸው ተመናምኖ ሁለት ብቻ ቀሩ። ከ2018 ጀምሮ ሌሎች ተኩላዎች ከውጭ እየተያዙ ደሴቱ ላይ ተለቀቁ። ሰው እስኪወስደው የሚጠብቅ ተኩላ ካለ እኛ ምን ያሳፍረናል?

ድምፅ ተሰጠ። አራት ለዜሮ። ጋሼ የተስማማችሁበት አሉ። ዱሩ ወረፋ የለውም፤ ጀልባው ግን አለው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሌት ተቀን እየተፈራረቅን ስናድን ቆይተን አምስት ወንበር አገኘን። ከፈልን። ገንዘቡ አይመለስም። ሱፒሪየር በሙቀቱ ወራትም ቢሆን ውሃው አጥንት ይሰብራል፣ ማዕበሉም ቀልድ አያውቅም ሲባል ባለ ድቡ ነፍስ ዘራ። አሁን የሚጠይቀው «ጀልባው ይገለበጣል?» እያለ ነው።

ባለ መቅዘፊያዋ ግን ከፋት። ታንኳ የሌለበት ጉዞ ነውና መቅዘፊያው ሳሎን ቀረ። «እንደ ምርኩዝ ይዤው እሄዳለሁ» አለች። ከምሯ ነው።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ባለፈው ሐሙስ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ያኔ በኤፕሪል፣ የተሰረዘ ፈቃድ ካለ አሳውቁኝ ብዬ ተመዝግቤ ረስቼው ኖሯል። ባውንደሪ ዎተርስ። የምንፈልገው መግቢያ። የምንፈልገው ሳምንት። አንድ ፈቃድ። አንዱ ፈቃድ እስከ 9 ሰው ያስገባል።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ቡድኑ ውስጥ ለጠፍኩት። «ፍጠኑ፣ ምን ላድርግ?»

ባለ ኤክሴሉ ፋይሉን ከፈተ፤ መክፈቱ ይታያል። ባለ መቅዘፊያዋ የመቅዘፊያዋን ፎቶ ላከች፤ ከግድግዳው አውርዳዋለች። ባለ ድቡ «ድብ» ብሎ ጀመረና ተወው። ቀጥሎ ጋሼ መጻፍ ጀመሩ። መጻፋቸውን ያሳያል። ያቆማሉ። እንደገና ይጽፋሉ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። አራታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።

«እኔ የተስማማችሁበት ይስማማኛል።»

ወደ ፈቃዱ ስመለስ ሌላ ሰው ወስዶታል።