ኮቨንትሪ ላይ የጎደሉት 28 ድምፆች

ከእንግሊዝ አገር ቤት ስደውል የማልሰማት ቀን የለችም፣ «እናንተማ ምን አለባችሁ፣ እዛ የሰራተኛ መብት የተከበረ ነው፣ ደሞዝ አነሰን ብለው አደባባይ ሲወጡ በቲቪ እናያለን» ይሉኛል። ነው ብል ውሸት ነው፣ አይደለም ብልም ውሸት ነው፣ ስለዚህ እስቲ አንዱን ጉዳይ ይዤ ላውራችሁ።

ኮቨንትሪ የሚባል ከተማ አለ፣ ከለንደን ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ድሮ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነበር። እዛ አማዞን ትልቅ ዌርሃውስ አለው፣ ከሚሰራበት ሰው ብዙው እንደኛው ከሌላ አገር የመጣ ነው። በፈረንጆቹ 2022 በጋ ኑሮው እሳት ሆኖ፣ የመብራትና የጋዝ ቢሉ ሰውን ሲያሳብደው፣ ድርጅቱ በሰዓት 35 ፔንስ ጨምሬያለሁ አለ። 35 ፔንስ እዚህ አንዳንድ ቦታ ሽንት ቤት እንኳን አያስገባም። ሰራተኛው ማንም ሳያደራጀው ስራውን አቁሞ ቁጭ አለ፣ ከዛ በኋላ ነው ጂኤምቢ የሚባለው የሰራተኞች ማህበር ነገሩን በህጉ መንገድ የያዘው፣ የጠየቁትም በሰዓት 15 ፓውንድ ነበር።

«በህጉ መንገድ» የምትለዋን እንዲህ በቀላሉ አትዩአት። እዚህ አገር አድማ ለመምታት መቆጣት አይበቃም። ያኔ፣ በ2016 በወጣው ህግ፣ ድምፅ መስጠት ከሚችለው አባል ቢያንስ ግማሹ ካልመረጠ የመረጠው ሁሉ «አድማ ይመታ» ቢልም ዋጋ አልነበረውም፣ ቢያልፍ ደግሞ ለአሰሪው የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነበረ። ምርጫው የሚካሄደው በፖስታ ነበር፣ ስልክ ላይ ተጭኖ ማለፍ አልነበረም። አሁን የሀበሻን ቤት አስቡት፣ አንድ ቤት ውስጥ አምስት ሰው በየክፍሉ ይኖራል፣ አንዱ ከወጣ ስድስት ወሩ ነው ፖስታው ግን አሁንም እዛው ይመጣል፣ በሩ ስር የፒዛ ቤት ወረቀት፣ የካውንስል ታክስ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የባንክ ደብዳቤ ተከምሯል፣ የምርጫው ፖስታም እዛው መሃል ነው። ያልመለሰ ሰው «አልፈልግም» እንዳለ ያህል ነበር የሚጎዳው። ኮቨንትሪ ላይም የመጀመሪያው ዙር በጣት በሚቆጠር ድምፅ ሳይሞላ ቀረና እንደገና አስመረጡ፣ ጥር 25 ቀን 2023 እንግሊዝ አገር በአማዞን ታሪክ የመጀመሪያው ህጋዊ አድማ ተመታ። በር ላይ ብርቱካናማ ባንዲራ ይዘው በዛ ብርድ ቆሙ።

ዋናው ነገር ግን ገና ነው። አድማ አንድ ነገር ነው፣ ድርጅቱ ለማህበሩ በይፋ እውቅና ሰጥቶ ቁጭ ብሎ እንዲደራደር ማስገደድ ሌላ ነው። ለሱም ሌላ ምርጫ አለ፣ ከመራጩ አብላጫው፣ ደግሞም በያኔው ህግ ከጠቅላላው ሰራተኛ 40 በመቶው «እፈልጋለሁ» ማለት ነበረበት። በ2023 ማህበሩ ጠየቀ፣ ከዛ ዌርሃውሱ ውስጥ የሰራተኛው ቁጥር በአንዴ በሺህ ዘለለና ስሌቱ ተበላሸ፣ ማህበሩ ሆን ብለው ነው ሲል ድርጅቱ የተለመደ ቅጥር ነው አለ፣ ማህበሩም ጥያቄውን ለጊዜው ተወው። በ2024 ደግሞ ድርጅቱ ግድግዳ ላይ ኪውአር ኮድ ለጠፈ፣ በስልክህ ስታነሳው ከማህበሩ ልውጣ የሚል ኢሜይል አዘጋጅቶ ይሰጥሃል። (እውነት ለመናገር ይሄን ያሰበውን ሰው ጭንቅላት አደንቃለሁ።) ሐምሌ 2024 ላይ ምርጫው ሲቆጠር 49.5 በመቶ ለ50.5 ሆነ። በ28 ድምፅ ተሸነፉ። ከሶስት ሺህ በላይ ሰው ባለበት ግቢ 28 ሰው ማለት አንድ የሀበሻ ማህበር ላይ የሚመጣ ሰው ነው።

እኔ አማዞን አልሰራሁም፣ የሰራሁበት ሌላ ነው፣ ግን ብሬክ ሩም ሁሉም ጋ አንድ ነው። የማህበሩ ሰው የአባልነት ፎርም ይዞ ሲመጣ የኛ ሰው ቡናውን አንስቶ ይነሳል። አንዱን ወንድሜ ለምን አትሞላም ስለው «ተወኝ ባክህ፣ ሰርቼ ልብላበት፣ ስሜን ሊስት ላይ አልፈልግም» አለኝ። ወረቀቱ የተስተካከለ፣ ሲቲዝን የሆነ ሰው ነው ይሄን የሚለው! ቤይሩት ሰባት ዓመት የሰው ቤት የሰራች እህታችን ደግሞ አጠገቡ ሆና ራሷን ትነቀንቃለች። አልፈርድባቸውም። ኤጀንሲ ውስጥ ያለ ሰው ማንም «ተባረሃል» አይለውም፣ ማታ ስልኩ ላይ «ነገ ሺፍት የለም» የምትል ቴክስት ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያም የለም፣ በዛው ይቀራል። ዜሮ አወር ኮንትራክት ማለት ይሄ ነው፣ ሰዓት ቃል ስላልገቡልህ ሰዓት ቀነሱብኝ ብለህ መክሰሻ የለህም።

ሊስት ላይ ስም መፍራቱ ደግሞ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በኛ አቆጣጠር ግንቦት 2017 አገር ቤት የጤና ባለሙያዎች ደሞዛችን አላኖረንም ብለው ስራ ሲያቆሙ ስንቱ ታሰረ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 25 ቀን 2025፣ የእንግሊዝ ወጣት ሐኪሞች የ29 በመቶ ጭማሪ ጠይቀው አምስት ቀን አድማ መቱ። የጤና ሚኒስትሩ ዌስ ስትሪቲንግ ተቆጣ፣ ጋዜጦቹም ስግብግብ አሏቸው፣ ግን ፖሊስ ማንንም ለአድማው ብሎ ከቤቱ አልወሰደም፣ የአምስት ቀን ደሞዛቸው ብቻ ተቆረጠ። የግል ድርጅት ሰራተኛውን ካነሳንማ፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156 ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ካለ ስንት ዓመቱ፣ ቁጥሩ እስከ ፈረንጆቹ 2025 አልወጣም ነበር፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልጆቹን በወር በ26 ዶላር መነሻ ሲቀጥር የነበረውም በዚሁ ክፍተት ነው። እዚህ በፈረንጆቹ 1999 በሰዓት 3.60 ፓውንድ ብለው ጀምረው በ2025 ሚያዝያ 12.21 አድርሰውታል፣ በየዓመቱ ይነሳል፣ ለንደን ላይ የቤት ኪራይ ይበላዋል እንጂ ቁጥሩ አለ።

ስደተኛ አይታገልም የሚለውን ግን አልቀበልም። በ1976 ሰሜን ምዕራብ ለንደን ግረንዊክ በሚባል ፎቶ የሚያጥብ ድርጅት ውስጥ ጃያቤን ዴሳይ የምትባል፣ ከታንዛኒያ የመጣች ህንዳዊት እናት ስራዋን ጥላ ወጣች፣ አብዛኞቹ ከምስራቅ አፍሪካ የመጡ እስያውያን ሴቶችም ተከተሏት። ወደ ሁለት ዓመት በር ላይ ቆሙ። የክሪክልውድ ፖስታ ሰራተኞች የድርጅቱን ደብዳቤ አንነካም አሉ፣ የከሰል ማዕድን ሰራተኞቹ በአውቶብስ መጥተው አብረዋቸው ቆሙ። በመጨረሻ ተሸነፉ፣ በሐምሌ 1978 አለቀ። ዛሬ ደግሞ ያን አይነት ድጋፍ እንኳን የለም፣ ከጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር ዘመን ጀምሮ በወጡት ህጎች የሌላ ድርጅት ሰራተኛ ለአንተ ብሎ አድማ መምታት አይችልም፣ ሁሉም የራሱን በር ብቻ ነው የሚጠብቀው። የሌበር ፓርቲ መንግስት በ2025 መጨረሻ ባወጣው ህግ አንዳንዱን አላልቷል፣ ይሄኛውን ግን አልነካውም።

ኮቨንትሪ ላይ የተሸነፈ ማህበር እዛው ቦታ ያንኑ ጥያቄ በህጉ መንገድ እንደገና ለማቅረብ ሶስት ዓመት መጠበቅ አለበት፣ ማለትም እስከ 2027። ዌርሃውስ የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ በሶስት ዓመት ውስጥ እዛ ግቢ ከሚቀረው ሰው የሚሄደው ይበዛል፣ እንደገና ከፎርም ነው የሚጀምሩት።