ጣት ላለው ጫማ የቀረበ ውዳሴ

ኧረ እናመስግናቸው ጎበዝ! እስከዛሬ ጫማ የምናደርገው እሾህ እንዳይወጋን፣ ጭቃ እንዳይነካን፣ ሰው ፊት እንዳናፍር ብቻ ይመስለን ነበር እኮ። እነዚህ ቤርፉት (ባዶ እግር) የሚባለው ጫማ ወገኖቻችን ባይደርሱልን ኖሮ አውራ ጣታችን እዛ ውስጥ ታፍኖ፣ ተጨቁኖ፣ ከወንድሞቹ ጋር ተደራርቦ የግፍ ኑሮ እንደሚገፋ ማን ይነግረን ነበር? ማንም።

ታውቋቸዋላችሁ። ሶሉ ስስ፣ ተረከዙና ፊቱ እኩል ዝርግ፣ አፍንጫው ሰፊ የሆነ ጫማ የሚያደርጉት። "ባዶ እግርህን የሄድክ ያህል ነው" እያሉ ከ100 እስከ 200 ዶላር የሚከፍሉበት። ባዶ እግር በነፃ የሚገኝበት ሀገር ተወልደው ማለት ነው።

ሰሞኑን አንዱ የዘመድ ሰርግ ላይ አጠገቤ ተቀመጠና ምሳዬ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ለሰርጉ የመጣ ነው፣ ዳያስፖራውን ብቻ ለመውቀስ ግን አይደለም፣ ቦሌም ሞልተዋል። ከላይ ሙሉ ሱፍ በከረባት፣ ከታች መኪና የሄደበት ድፎ ዳቦ። ይሁን፣ የራሱ እግር ነው። ችግሩ ጠረጴዛ ስር እያጎነበሰ የሰው ጫማ እያየ ከንፈሩን ይመጥልናል! የሙሽራዋ አክስት ጥብስ ይዘው ሲዞሩ አስቁሟቸው "እትዬ፣ ይሄ ተረከዝ እኮ ወገብዎን እየጎዳው ነው፣ አፈጣጠራችን እንደዚህ አይደለም" አላቸው። እሳቸውም "ወገቤንስ የጎዳችሁት እናንተ ናችሁ፣ አንድ በአንድ ስወልዳችሁ፣ ይልቅ ቶሎ አንሳ ሌላውም ይጠብቃል" ብለውት አለፉ። እሱ ግን አልገባውም፣ ዞር ብሎ የኔን ጫማ ያይ ጀመር።

እውነቱን ለመናገር ስታይልና ምቾትን በማስታረቅ በኩል ሴቶቻችንን የሚያህል ሀቀኛ የለም። ባለ ረጅም ሂሏን ታደርጋለች፣ ያማታል፣ እንደሚያማትም ታውቃለች፣ ፎቶው እስኪያልቅ ጥርሷን ነክሳ ትችለዋለች፣ ከዛ ከቦርሳዋ ስሊፐር አውጥታ እስክስታዋን ታወርደዋለች። በቃ። ማንንም አልሰበከችም። ወንዱም ያችን ሹል ጫማውን ቀኑን ሙሉ ችሎ ማታ ቤቱ ሲያወልቃት "እፎይ!" ይላል። ሂሳቡ ግልፅ ነው፣ ወይ ታምራለህ ያምሃል፣ ወይ ይመችሃል ታስቀይማለህ።

የኛ ጀግኖች ግን ሁለቱንም ይዘናል ነው የሚሉት። መጀመሪያ "ስታይል ምን ያደርጋል፣ ዋናው ጤና ነው" ብለው ጀመሩ፣ እኛም እውነት ነው አልን፣ ምክንያቱም እውነት ነው፣ ጣት የሚዘረጋበት ሰፊ ጫማ ጥሩ ነገር ነው፣ ዝም ብለው ቢያደርጉት ማን ጠልቶ። ግን ስታይል ምን ያደርጋል ያለው ሰውዬ በነጋታው ጫማውን ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንስቶ ስቶሪ ላይ ለጠፈው። ቆይቶ ደግሞ ለቢሮ የሚሆን ቤርፉት መጣ፣ ቆዳ፣ ባለ ክር፣ ቡናማ። ፊቱ ሰፍቶ ሲያስቀይምባቸው ትንሽ ጠበብ አደረጉት፣ ከዛ ትንሽ ሾል አደረጉት፣ ከዛ... በቃ ተመልሶ ጫማ ሆነ። ሶሉ ብቻ ስስ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አሁን ጣትህም ይጨመቃል፣ ጠጠሩም ይወጋሃል፣ ሁለት ችግር በአንድ ዋጋ! ይሄን ግኝት ሳናደንቅ ብናልፍ ግፍ ነው።

ከሁሉም በላይ ክብር የሚገባው ግን ያ አምስት ጣት ያለው ጫማ ነው። ሰው ቤት አጥቶ በደባል በሚኖርበት ከተማ ለያንዳንዷ ጣት የግሏ ክፍል። አንዱ ባለቤት በክረምት፣ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጥቶ ሊስትሮ ጋ ቁጭ ሲል አይቻለሁ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ ሰውየውን አየ፣ እንደገና ጎንበስ አለ።

"ብራዘር፣ ይሄ ጓንት ነው ጫማ?"

"ጫማ ነው።"

"የእጁስ የታለ?"

ሰውየው ስለ እግር አጥንትና "ከመሬት ጋር ስለመገናኘት" ማብራሪያ ጀመረ፣ ልጁ ደግሞ በዛው ስለ ዋጋ ማሰብ ጀመረ። "በጫማ ነው የምትከፍለኝ በጣት?" አለው። ሰውየው ሳቀ፣ ልጁ ግን የምሩን ነው። ተራ ስኒከር ቢሆን ሁለት ጊዜ ስፖንጅ አሳልፎ፣ ሶሉን በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ ይጨርሳል፣ እዚህ ግን አስር ጣት አለ፣ እያንዳንዱ ጣት ደግሞ በግራም በቀኝም፣ ከላይም ከታችም መታጠብ አለበት፣ በመሀል በመሀሉ ያለው ጭቃ ለብቻው። ሎተሪ አዟሪው መጣ፣ የፓርኪንጉ ልጅ መጣ፣ አንድ የታክሲ ረዳት ተሳፋሪውን ትቶ መጣ። ረዳቱ የሂሳብ ሰው ስለሆነ ሽምግልናውን ያዘው፣ "ትላልቆቹን ያስከፍልህ፣ ትንሿን ጣት ግን መርቅለት" ብሎ ፈረደ። ሎተሪ አዟሪው "ትንሿ ናት እኮ አስቸጋሪዋ፣ ብሩሹ አይገባም" ብሎ ይግባኝ አለ። ተከራከሩ። በመጨረሻ የሁለት ጫማ ዋጋ፣ ትንሿ ጣት ምራቂ ሆና ተስማሙ።

አሁን አውልቅ ተባለ። ማውለቁ ራሱ ጊዜ ወሰደ፣ አንዷ ጣት አልወጣ ብላ። ሊስትሮው እንደ ደንቡ ነጠላ ጫማ አቀበለው፣ እስኪታጠብልህ አድርጋት ብሎ። ሰውየው ነጠላዋን አየት አደረጋትና "ንፁህ ናት?" አለ። ልጁ "እንግዲያው መሬት ርገጣ፣ ምንም አይልህም" አለው። ሰውየው መሬቱን አየ። እርጥብ ነው፣ ሲጋራ ቁራጭ አለበት፣ ምራቅ አለበት፣ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር አለበት። ቅድም "ከመሬት ጋር መገናኘት" ሲል የነበረው ሰውዬ ካርቶን አስነጥፎ እግሮቹን እሱ ላይ ሰብሰብ አድርጎ ቁጭ አለ፣ ተረከዙን እንኳ ጫፍ አላስነካም! ጫማው ታጥቦ አጥሩ ላይ ጣቶቹን ወደ ላይ አቁሞ ተሰቀለ፣ አንዲት እናት ሲያልፉ ድንገት አይተውት "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ። ረዳቱን ታክሲው ጥሎት ሄደ። ባለ ጣቱ ደግሞ እስኪደርቅለት ይጠብቃል፣ አይደርቅም፣ ክረምት ነው። ምሳ ሰዓት አልፎ ስመለስ እዛው ካርቶኑ ላይ ነበር፣ ለሎተሪ አዟሪው የሱ ጫማ ለጉልበቱ መጥፎ መሆኑን እያስረዳ። ሎተሪ አዟሪው ያደረገው በረባሶ ነው እኮ! ሶሉ ዝርግ፣ ፊቱ ክፍት፣ ጣቱ እንደልቡ፣ ከመኪና ጎማ የተሰራ፣ መርካቶ።

ክርክር ሲያምራቸው ደግሞ የሚጠሩት አበበ ቢቂላን ነው። "አበበ በባዶ እግሩ አይደል ሮም ላይ ያሸነፈው?" አዎ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ ማን ይክደዋል። ጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ ግን ያው አበበ፣ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ጫማም ካልሲም አድርጎ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ቁስሉ ሳይጠና፣ በጫማ፣ ከ3 ደቂቃ በላይ ፈጠነ። ቶኪዮን ግን አንዳቸውም አንስተዋት አያውቁም፣ ለነሱ የአበበ ታሪክ ሮም ላይ አልቋል። አበበ ሮም ላይ ጫማ ያላደረገው የተሰጠው ስላልተመቸው ነው፣ ማለትም ሰውየው ምቾት ፈልጎ ነው፣ ፍልስፍና ይዞ አይደለም። አንዱ አምራችማ ጫማውን በሱ ስም ጠርቶ ሲሸጥ ኖሮ ቤተሰቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፍርድ ቤት ወስደውታል። በባዶ እግሩ በሮጠ ሰው ስም ጫማ መሸጥ፣ እስቲ ይሄን አድንቁ።

ግን አንድ አባባል አላቸው፣ እሱን ስሰማ ቀልዱ ይጠፋብኛል። "አያቶቻችን እኮ በባዶ እግራቸው ሄደው ጤነኛ ነበሩ።" የትኞቹ አያቶች? ሙጀሌ ገብቶባቸው ማታ ማታ እሳት ዳር በመርፌ ሲያወጡ የነበሩት? ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ንቃቃቱ ውስጥ አፈር የሚቀመጠው? ጎጃምና ወላይታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲያርሱ ኖረው እግራቸው ያበጠባቸውን ሰዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዝሆኔ ይባላል፣ ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት። ትንኝ አያስተላልፈውም፣ ከሰው ሰውም አይጋባም፣ ቀይ አፈሩ ባዶ እግርን ለዓመታት ሲነካ የሚመጣ ነው። ሀገራችን ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው አለበት። እርግማን ነው ተብለው፣ ዘራቸው ነው ተብለው፣ ሰርግ ላይ አይጠሩም፣ ልጃቸውን የሚያገባ ይጠፋል፣ ቤተክርስቲያን እንኳ ከኋላ ነው የሚቆሙት። መከላከያው ምን መሰላችሁ? ጫማ! ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ይኸው ነው። ጫማ አጥቶ ክፍል ውስጥ እግሩን ወንበር ስር ደብቆ የተማረ ሰው በሞላበት ሀገር ቆማችሁ ባዶ እግርን እንደ ጥበብ አትሽጡልን! ምርጫ አልነበረም፣ ማጣት ነበር። ማጣት ደግሞ ስታይል አይደለም፣ አፈር ስሆን ተዉን።

እሺ፣ ተረጋጋሁ።

ወደ ምስጋናው እንመለስ። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ለሳይንስ መስዋዕት ማድረጋቸውን አትርሱ። ሰላሳ ዓመት ወፍራም ሶል የለመደ እግር በአንድ ጊዜ ስስ ሶል ላይ ሲወጣ ባቱ ይያዛል፣ ተረከዙ ላይ ያለው ጅማት ይቆጣል፣ የእግሩ መዳፍ አጥንት እስከመሰንጠቅ ይደርሳል፣ ባለሙያዎቹም ቀስ በቀስ፣ በወራት ነው የሚለመደው ይላሉ። የኛ ሰው ግን ቀስ በቀስ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሰኞ ገዝቶ ማክሰኞ እንጦጦ ይወጣል። ሐሙስ ያነክሳል። ለምን ታነክሳለህ ስትለው "ሰውነቴ እየተስተካከለ ነው" ይላል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ስሙ የገነነ የጣት ጫማ ሰሪ የጤና ጥቅሙን በሳይንስ ሳያረጋግጥ አስተዋውቋል ተብሎ ተከሶ በ2014 እ.ኤ.አ. ጥፋቱን ሳያምን 3.75 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። የኛዎቹ ስለ ክሱ ስትነግራቸው "ትልልቆቹ የጫማ ድርጅቶች ሴራ ነው" ነው መልሳቸው። እምነት ማለት ይሄ ነው።

"መሬቱን ስማው" የምትል ምክርም አለቻቸው። ሰማነው እኮ ወንድሜ! የአዲስ አበባን መሬት ያልሰማ ማን አለ? አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ እሺ፣ ያምራል፣ እዛ በሶምሶማም ይኬዳል። ወደ ሰፈር እጥፍ ስትል ግን ሹል ጠጠር፣ ኮብልስቶን፣ ቆርኪ፣ ፌሮ፣ ክዳን የሌለው ማንሆል። ይሄን ሁሉ በስስ ሶል መስማት መቻል ምን ዓይነት ፀጋ ነው፣ እኛ ደንቆሮ ሆነን ቀረን።

አሁን ደግሞ ምን ሰማሁ፣ ጀግኖቻችን ሃይማኖት እየቀየሩ ነው አሉ። ፋሽኑ ዞረና ትራስ የሚያህል ሶል ያለው ጫማ መጣ፣ የሩጫው ዓለም ሶሉን እያወፈረ እያወፈረ የዓለም አትሌቲክስ በ2020 እ.ኤ.አ. ለጎዳና ውድድር ከ4 ሳንቲሜትር በላይ አይቻልም ብሎ እስኪገድብ ድረስ። ወዳጆቻችንም ስሱን አውልቀው ወፍራሙ ላይ ወጥተዋል፣ "ለጉልበት እኮ ትራስ ያስፈልጋል፣ ተፈጥሮ ብቻውን አይበቃም" እያሉ ነው፣ ያለምንም ሼም! ባለ ጣቱ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ ተለጥፏል፣ ብዙ ያልተደረገ፣ ዋጋው በድርድር። የሚገዛ እንደሆነ ከመግዛቱ በፊት የሊስትሮውን ሂሳብ አብሮ ይደምር፣ ትንሿ ጣት ብቻ ናት ነፃ።