ለክቡር ሦስት የጥያቄ ምልክት፣ ባሉበት ገጽ

ጉዳዩ፦ ከትዕዛዝ መከታተያ ገጽ እንዲለቁ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ብርድ እንኳ በር ሲዘጋበት ይመለሳል። እርስዎ ግን ኮዱ ተገንብቶ፣ ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሰርቨሩ ከተነሳ በኋላ ከች ይላሉ። የመሐል ሜዳው ደንበኛ ያዘዙት በርኖስ የት እንደደረሰ ሊያዩ ስልካቸውን ሲከፍቱ፣ «ተልኳል» ሊል የሚገባው ቦታ ላይ «???ኦርደር.ስታተስ.ሺፕድ???» ተጎልቷል። ሦስት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ፤ አጃቢ እንኳ አላጎደሉም።

መንገድዎን የሚጠርግልዎት የመደመር ምልክት ነው። «ኦርደር.ስታተስ.» ተብሎ ይጻፍና ከዳታቤዝ የመጣው ሁኔታ ይለጠፍበታል፤ በአንድ መስመር ቁልፍ፣ ማለትም ጽሑፉ የሚፈለግበት ስም፣ ተሠራ። ያ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ሲታጣ በጽሑፉ ፈንታ እርስዎ ብቅ ይላሉ። እንደዚያ የተሠራ ቁልፍ ግን ሙሉ ስሙ በኮዱ ውስጥ የትም ተጽፎ አይገኝም። በፍለጋ አይወጣም፤ አይዲኢውም (ኮድ መጻፊያው ፕሮግራም) ብዙ ጊዜ አያየውምና የፕሮፐርቲስ ፋይሉን (የቁልፎችና የጽሑፎቻቸውን ዝርዝር) መስመር አደብዝዞ «ማንም አይጠቀምበትም» ይላል። አንድ ታታሪ ልጅ ይነሳና ያጸዳዋል። (ጽዳት ምንጊዜም አርብ ከሰዓት ነው።)

ጨዋነትዎማ ይደንቃል! ሪሶርስ ባንድል (እነዚህን ፋይሎች የሚያነበው የጃቫ ክፍል) በቀጥታ ከጃቫ ሲጠየቅ ቁልፉን ካጣ ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ወርውሮ ይጮሃል። በጄኤስቲኤል (የጃቫ ድረ ገጾች፣ የጄኤስፒ፣ ታጎች ስብስብ) የመልእክት ታግ በኩል ሲመጡ ግን እርስዎ ኮሽ አይሉም። ገጹ 200 («ተሳክቷል») ብሎ ይመለሳል፣ ክትትሉም «ሁሉ ሰላም» ይላል፤ የሚያይዎት ደንበኛው ብቻ ነው።

ዘመድዎም ብዙ ነው። ሁኔታው ነል (ምንም እሴት የሌለው) ሲሆን ጃቫ ውስጥ የተደመረው ቁልፍ «ኦርደር.ስታተስ.ነል» ይሆናል። በጄኤስፒ ገጽ ላይ የተሠራው ደግሞ ነሉን ይውጠውና ነጥቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ መልክዎን አይቶ ቁልፉ የት እንደተሠራ መለየት ይቻላል፤ ለዚህስ እናመሰግናለን። ከኋለኞቹ ምልክቶችዎ በፊት ክፍተት ከታየ ደግሞ የዳታቤዙን ዓምድ መጠርጠር ነው፤ ቻር የሚባለው ርዝመቱ ቋሚ የሆነ ዓምድ፣ ቃሉ ሲያጥር ቀሪውን በባዶ ቦታ ይሞላዋል። ኢነሙን (በኮዱ ውስጥ ያለውን የሁኔታዎች ቋሚ ዝርዝር) በኔም (በማይለወጠው ስሙ) ፈንታ በቱስትሪንግ (ሊለወጥ በሚችለው የጽሑፍ መልኩ) የደመረ ካለም፣ ሌላ ሰው ለማሳመር ብሎ ቱስትሪንጉን የነካ ዕለት ቁልፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ማሰናበቻው። ሙሉው ቁልፍ፣ ሳይቆራረጥ፣ በኢነሙ ውስጥ ከየእሴቱ ጎን ይጻፍ። ከዚያ አንድ ቴስት በሁሉም እሴት፣ በሁሉም ቋንቋ ይዙር፦ 5 ሁኔታ በ2 ቋንቋ 10 ፍተሻ ነው፣ ዓይን እስኪጨፈን አይቆይም። አደራ ግን፣ ቴስቱ በኮንቴይንስኪ («ቁልፉ አለ ወይ?» በሚለው የሪሶርስ ባንድል ጥያቄ) አይጠይቅ። ኮንቴይንስኪ የአማርኛው ፋይል ውስጥ ያጣውን ከወላጁ፣ ከመሠረታዊው ፋይል ፈልጎ «አለ» ብሎ ይመሰክራል። ቴስቱ ያልፋል፤ ደንበኛው በአማርኛ ገጽ መሐል እንግሊዝኛ ያነባሉ። ይህ ስህተት ታናሽ ወንድምዎ ነው፤ የጥያቄ ምልክት ስለማያደርግ ከእርስዎም ይብሳል። ይልቅ የአማርኛው ፋይል ለብቻው በፕሮፐርቲስ ሎድ (ያለ ወላጁ አንዱን ፋይል ብቻ በሚያነበው የጃቫ ትዕዛዝ) ተከፍቶ ይፈተሽ፣ ያውም በዩቲኤፍ-8 (የእኛንም ፊደል በሚይዘው የፊደል ኮድ) ሪደር። ጃቫ 9 በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ዩቲኤፍ-8 ያዞረው ሪሶርስ ባንድልን እንጂ ሎድን አይደለም፤ ያለ ሪደር በጥሬው ከተነበበ ላቲን-1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ኮድ) ነው ብሎ ፊደላችንን ያተራምሰዋል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአርብ ከሰዓቱ ጽዳት ክፍል።
በስፕሪንግ (በጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ) ውስጥ «መልእክት ካጣህ ኮዱን (ቁልፉን) ራሱን አሳይ» ለሚለው ማስተካከያ፦ ኤክሴፕሽኑን አፍኖ ቁልፉን ያለ ጥያቄ ምልክት ራቁቱን ስለሚያወጣው፣ ደንበኛ በሚያየው ሰርቨር ላይ ጠፍቶ እንዲቆይ።