ኒሻን ላይ ስም አይጻፍም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የመጣሁት። ቁጣው ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ እኔም አለሁበት።

በቀደም ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች አንዱ ጎራ አልኩ። ከመስቀሉና ከድሮው ሳንቲም መሀል የወታደር ኒሻኖች በትሪ ተዘርግተዋል። የንጉሡ ጊዜ አለ፣ የደርግ ጊዜ አለ። ሪባናቸው ነጣ ብሏል። የአንዱ መርፌ ተሰብሮ በመርፌ ቁልፍ ተተክቷል። ባለሱቁ አንዱን አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ገልብጬ አየሁት፤ ስም የለውም። የማን ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ትከሻውን ሰበቀ።

«የሆነ ወታደር ነዋ!»

ባለሱቁን አልወቅሰውም። ነጋዴ ነው፣ የመጣለትን ይሸጣል። ግን እኛስ ምን ብለን እንመልስ ነበር? ከዚያ ሱቅ እስከ ትግላችን ሐውልት በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። በሥሩ በየቀኑ እናልፋለን። ሐውልቱ ለምን እንደቆመ ስንቶቻችን እናውቃለን? እዚያ የሚታሰቡት በሶማሊያው ጦርነት የወደቁ ናቸው፤ የእኛዎቹም፣ ከእኛ ጋር የሞቱት ኩባውያንም።

በ1969 ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። መስከረም 1970 ላይ ጅጅጋ ወደቀች። ሞፈር የጨበጠው ገበሬ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ፣ በጥቂት ወራት ተኩስ ተምሮ ወደ ምሥራቅ ተጫነ። የካቲት 26 ቀን 1970 የካራማራ ድል የተገኘው በእነዚህ ሰዎች ነው። ብዙዎቹ አልተመለሱም። ኒሻናቸው በፖስታ ወይም በአለቃ እጅ ለሚስት፣ ለእናት ደረሰ።

ከዚያስ? ከዚያማ መንግሥት ተቀየረ። በ1983 ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። ትናንት ጀግናችን ያልነውን ዛሬ «የደርግ ወታደር» አልነው፤ ስድብ ሆነ። እግሩን ያጣው ክራንቹን ተደግፎ መንገድ ዳር እጁን ሲዘረጋ ፊታችንን አዞርን። የሞተውማ ማን ያንሳው! ቀደም ብሎ ደግሞ የቃኘው ሻለቃ ላይ ይኸው ደርሷል። ኮሪያ ድረስ ሄደው ከ120 በላይ ሰዎች ገብረው፣ አንድ እንኳ ምርኮኛ ሳይሰጡ የተመለሱት፣ ንጉሡ ሲወርዱ «የንጉሡ ወታደር» ሆነው ቀሩ። አፍንጮ በር ያለው መታሰቢያቸው እስኪቆም ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ።

ደርግን እንድትወዱልኝ አይደለም። የኛም ቤት ቀይ ሽብር ገብቶበታል፤ አጎቴ ከወጣ አልተመለሰም። ያንን አልረሳም፣ እንድትረሱም አልፈልግም። ግን ካራማራ ላይ ታንክ ፊት የቆመው ሃምሳ አለቃ አጎቴን አልገደለም። ይህን ለመለየት ይሄን ያህል ዓመት ሊፈጅብን ባልተገባ ነበር።

አሁን ደግሞ የባሰ አመጣን። የካቲት 26 ሲደርስ ፌስቡኩ በባንዲራ ይሞላል። አንዱ የጀግና ፎቶ ይለጥፋል። ገና ሦስተኛው አስተያየት ላይ ሳይደረስ «ብሔሩ ምንድን ነው?» ይመጣል። የእኛ ነው፣ የእነሱ ነው፣ ጭቅጭቅ። ሰውየው በአንድ ምሽግ ከማን ጋር ኮዳ ሲቀባበል እንደሞተ የሚጠይቅ የለም። ኧረ እንፈር! በሬሳ ላይ ድንበር የምናሰምር ሰዎች ሆንን እኮ። ማታ ባንዲራውን የለጠፈው ልጅ ጠዋት የአያቱ ወንድም የት ግንባር እንደወደቀ ብትጠይቁት አያውቅም። ጠይቆም አያውቅ።

ሠፈራችን አንዲት እናት አሉ። ባላቸው የአንበሳው 3ኛ ክፍለ ጦር ሰው ነበር፤ በዚያው በ1970 ሞቶ ኒሻን ተሰጣቸው። በልጅነቴ ደጃቸው ላይ ኳስ ስንጫወት አድጌያለሁ፤ ይህን ግን የሰማሁት ዘንድሮ ነው። አርባ ዓመት ጎረቤት ሆኜ! እላይ አለሁበት ያልኩት ይህን ነው።

ከዚያ ሱቅ በወጣሁ ማግስት ሄጄ ጠየቅኳቸው። ቡና አስቀርበው ወደ ጓዳ ገቡ። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። በ1983 ፍተሻ አለ ሲባል ኒሻኑን በላስቲክ ጠቅልለው በርበሬ ውስጥ ቀብረውት ነበር። ፍርሃቱ ካለፈ በኋላም ከቆርቆሮው አላወጡትም። ሪባኑ ቀልቷል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው አስነጠሰኝ፤ እሳቸውም ሳቁ።

«ወረቀቱስ?» አልኳቸው። ከኒሻኑ ጋር ስምና ማዕረግ ያለበት የምስክር ወረቀት ነበር።

«እሱንማ አቃጠልኩት የኔ ልጅ። ስሙ ስላለበት ፈራሁ።»

ያኔ ገባኝ። ትሪው ላይ ያሉትም እንዲሁ ነው የሆኑት። ወረቀቱ ይቃጠላል፣ ባልቴቲቱ ያልፋሉ፣ ልጅ ቤቱን ሲያጸዳ ቆርቆሮውን ያገኛል፣ ብረቱ ይሸጣል። ስሙ የነበረው አንድ ሰው አፍ ላይ ብቻ ነዋ።

ስለዚህ ሐውልት አትሥሩ፣ ሰልፍም አትውጡ። በዚህ ሳምንት ከዘመዶቻችሁ በዕድሜ ትልቁን ሰው ጠይቁ። ማን ዘመተ? በየትኛው ክፍለ ጦር? የት ወደቀ? በስንት ዓመተ ምሕረት? የሚሉትን ጻፉ። በስልክ ቅዱም። ነገ ዛሬ አትበሉ፤ እነሱ ነገ የላቸውም።

እኔ እዚያው ቡናው ሳይበርድ ከደብተር ወረቀት ቀድጄ የባላቸውን ስም ከነአባቱ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ቆርቆሮው ውስጥ ልከተው ስል እጄን ያዙኝ።

«ማዕረጉስ? ሃምሳ አለቃ በልና ጻፍ እንጂ!»