ሲልቨርስቶን ጎረቤቴ፣ ክርክሩ አዳማ

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ኖርዝሃምፕተን ነው። የፎርሙላ ዋን መኪና እሽቅድምድም፣ የእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ የሚካሄድበት ሲልቨርስቶን ከቤቴ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከተወዳዳሪ ቡድኖቹ መርሰዲስ ብራክሌይ፣ ሬድ ቡል ሚልተን ኪንስ፣ አስተን ማርቲን ደግሞ እዚያው ሲልቨርስቶን በር ላይ ናቸው። ፎርሙላ ዋን ለእኛ ሰፈር እንደ ወፍጮ ቤት ነው። የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ ቆሞ የሚያየው የለም።

በዚህ ሁሉ መሃል ተቀምጬ አንድ የሚከራከረኝ ሰው አጥቻለሁ።

ሰዉ ግድ የለውም ማለቴ አይደለም። በምሠራበት መጋዘን ጁላይ በመጣ ቁጥር ድንኳኑን ተሸክሞ ሄዶ አራት ቀን እዚያው የሚያድር ልጅ አለ። የማክላረን ቡድን ኮፍያ አለው፣ የማክላረን ካልሲም አለው። ግን በምሳ ሰዓት ስለ ነጂው ሀሚልተን አንሥቼ «ዘንድሮ ፌራሪ ላይ ምን ይሠራ ይሆን?» ስለው ሳንድዊቹን እያኘከ «እናያለን» ይለኛል። በቃ፣ አለቀ። ጎረቤቴ ደግሞ ከቡድኖቹ በአንዱ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። እሱ ጭራሽ አይተነፍስም። የሥራ ምስጢር ነው ይላል። ስለ ሞተር ስጠይቀው ስለ ዝናብ ያወራልኛል። እዚህ አገር ድምፅህ ከፍ ካለ ተቆጥተሃል ነው። እኛ ጋ ድምፅህ ዝቅ ካለ አሞሃል ነው።

በፈረንጆቹ 2026 መጀመሪያ ለጥምቀት አዳማ ገባሁ። እሁድ ከሰዓት የወንድሜ ልጅ «ጋሼ፣ ና አንድ ቦታ ላሳይህ» ብሎ ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ወሰደኝ። ትልቁ ስክሪን ላይ የእንግሊዝ ኳስ አለ። ቤቱ ጢም ብሏል። ከኋላ በኩል፣ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ ስድስት ሰባት ሰው ክብ ሠርቶ ጀርባውን ለኳሱ ሰጥቷል። ጥር ነው፣ ውድድር የለም። እንዲያው ለመከራከር ብቻ ነው የመጡት! ባለቤቱ የፈቀደላቸውም በአንድ ውል ነው፦ በአንድ አምቦ ውሃ ሦስት ሰዓት መቀመጥ የለም።

እሳቱን የሚያነደው ሀሚልተን ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሰውዬው 12 ዓመት መርሰዲስ ነድቶ፣ ከ7ቱ የዓለም ሻምፒዮንነት 6ቱን እዚያ ወስዶ፣ በ2025 የጣሊያኑ፣ ባለ ፈረስ ዓርማው ፌራሪ ገባ። ሻንጋይ ላይ አጭሩን የቅዳሜ ውድድር አሸነፈ። በማግስቱ በዋናው ውድድር መኪናው ደንብ ጥሶ ተገኘና የዚያ ቀን ውጤቱ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲያ በዋናው ውድድር አንዴም ፖዲየም (ከአንድ እስከ ሦስት) ሳይወጣ ዓመቱ አለቀ። ፎርሙላ ዋን ከገባ እንዲህ ያለ ዓመት ገጥሞት አያውቅም። የቡድን ጓደኛው ሌክሌር 242 ነጥብ ሰበሰበ፣ እሱ 156።

ይህን ሁሉ ቁጥር በቃሉ የነገረኝ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ያውም የሀሚልተን ቲፎዞ። ባጃጁ ደጅ ቆማለች። ከኋላዋ በቀይ ፕላስተር 44 ተጽፎባታል፣ የሀሚልተን ቁጥር። ሁለተኛው 4 ጎኑ ተልጦ 1 ሆኗል። ሀሚልተን ደግሞ በዚሁ ጥር ዋዜማ 41 ዓመት ሞላው። «ዕድሜውን ነው የለጠፍክለት?» ይሉታል። ልጁ ግን ፕላስተሩን አይቀይርም፣ እልኸኛ ነው።

ተቃራኒው ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው የመጣው። የሬድ ቡሉ ነጂ የቬርስታፐን ሰው ነው። «የእኔ ሰው አምና ከመሪው በ104 ነጥብ ርቆ ተነሥቶ ዋንጫውን በ2 ነጥብ አጣ» ይላል። እውነቱን ነው፤ የማክላረኑ ኖሪስ በ423 ነው የወሰደው፣ ቬርስታፐን 421 ነበር። «ያንተው ሰውዬ ግን ሳይንዝን ከፌራሪ ወንበሩ አስነሣው። የተነሣው ሳይንዝ በዊሊያምስ መኪና ሁለት ጊዜ ፖዲየም ወጣ። አንተ ስንት ጊዜ ወጣህ?»

አንተ ይለዋል። ባጃጅ ነጂውም የተናደደው ራሱ ፖዲየም ሳይወጣ እንደቀረ ሰው ነው።

ደግሞ ልብስ ሰፊው አላቆመም። «ቆይ እስቲ። የመጀመሪያው ውድድር የካቲት 29 ነው። አድዋ የካቲት 23። ሰኞ ጋሻ ይዘህ ስትፎክር ውለህ እሁድ ለጣሊያን ፈረስ ልታጨበጭብ ነው?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኳስ የሚያዩት ሁሉ ዞሩ። ባጃጅ ነጂው ግን የሚበገር አይደለም። «ሀሚልተን የተወለደው ጃንዋሪ 7 ነው። ገና! የኛ ልጅ ነው። እኛ ልከነው ነው ጣሊያን ቤት የገባው።» አንዱ ከጥግ ሆኖ «ተልኮ ነው እንዴ ስድስተኛ የወጣው?» አለ። እኔ ሆዴን ይዤ ቀረሁ። እንግሊዝ ከመጣሁ ጀምሮ በፎርሙላ ዋን ምክንያት እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ሬድ ቡል ሁለተኛ ወንበር፣ ከቬርስታፐን ጎን ወዳለው፣ ተሻገሩ። ፔሬዝ ተነሣ፣ ሎውሰን ሁለት ውድድር ነድቶ ተነሣ፣ ሱኖዳ ዓመቱን ጨርሶ ተነሣ። አሁን ሃጃር ገብቷል። አምና አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ላይ ውድድሩ ሳይጀመር በማሞቂያው ዙር መኪናውን አጋጭቶ ያለቀሰው ልጅ፣ የሀሚልተን አባት አቅፈው ያባበሉት። ባጃጅ ነጂው ይህን ሲያነሣ እሱም ዓይኑ ረጠበ መሰለኝ። ስለ አንቶኔሊም ተነሣ። መርሰዲስ የሀሚልተንን ወንበር የሰጠው ገና መንጃ ፈቃድ ላላወጣ የ18 ዓመት ልጅ ነው። «እዚህ ቢሆን ትራፊክ አያሳልፈውም» ተባለ። አዲስ ስለገባው ካዲላክ ማንም ትንፍሽ አላለም። ፔሬዝና ቦታስን ይዞ ለሚመጣ ቡድን የሚጣላ ሰው የት ይገኛል?

ይበልጥ የገረመኝ የሚቀጥለው ነው። በ2026 ሕጉ ተቀይሯል። የመኪናው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከባትሪ ነው። የኤሌክትሪኩ ሞተር ከ120 ኪሎዋት ወደ 350 ከፍ ብሏል። ይህን ነገር እዚህ ለሥራ ባልደረባዬ ላስረዳው ሞክሬያለሁ። ራሱ የኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚነዳው። ማታ ቤቱ በር ላይ ሰክቶ ይተኛል፣ ጠዋት ነቅሎ ይሄዳል። ስለ ባትሪ አስቦ አያውቅም። «ያው እናያለን» አለኝ።

አዳማ ላይ ግን ያስተማረኝ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ነው። በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት በ2024 ከተከለከለ ወዲህ እንደሱ ያለው በዝቷል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በጣቱ ዳገት ሣለልኝ። «ይኸውሎት ጋሼ። ከአዳማ ስወጣ ሽቅብ ነው። መንገዱ ፈጣን ነው፣ እግርህን ተጫን ተጫን ይልሃል። የተጫነ ሰው ቃሊቲ ሳይደርስ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ በቀኝ በኩል እየዳኸ ታገኘዋለህ። ስወርድ ግን እግሬን አነሣለሁ። መኪናው ራሱ እየያዘ ቻርጁን ይመልስልኛል። አንዳንዴ ከዱከም እስከ ሞጆ ፐርሰንቱ ንቅንቅ አይልም።» አንቱታውና አንተው ተቀላቅሎበታል፣ ጉዳዩ ስላሞቀው። «የዘንድሮ ኤፍ ዋን እንደዚህ ነው። ቀጥታው ላይ ባትሪውን የጨረሰ ሰው ቀጥሎ ባለው ቀጥታ ላይ እንደ ቆመ መኪና ይታለፋል። ቀድሞ እግሩን ማንሣት የሚያውቅ ያሸንፋል። ለዚህ ደግሞ ሽማግሌ ይሻላል።» ባጃጅ ነጂው ብድግ ብሎ ሳመው።

መብራት ይጠፋል፣ ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ወረፋ አለ። እያንዳንዷን ፐርሰንት ቆጥሮ የሚነዳ ሰው ነው። ፋብሪካው አጠገብ የምንኖረው አልገባንም፣ እሱ ገብቶታል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጋሼ እንግሊዝ አገር ነው የሚኖሩት፣ ሲልቨርስቶን አጠገብ» ብሎ የወንድሜ ልጅ አሳጣኝ። ሁሉም ዝም አለ። ኳሱ እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ። «እሺ ጋሼ፣ ሀሚልተን ዘንድሮ ምን ያደርጋል?»

«እናያለን» አልኩ።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። «ማየቱንማ ሁላችንም እናያለን። እርስዎ ምን ይላሉ ነው የተባሉት።»

ይህች ነገር ድረስ ዘልቃ ተሰማችኝ። የተናገረው በትሕትና ነው፣ ግን ለብ ያለ ሰው ሆነህ መጣህ ማለቱ ነው። ባጃጅ ነጂው ደግሞ ጨመረበት። «ለመሆኑ ሲልቨርስቶን ስንት ጊዜ ገብተዋል?» አንዴም አልገባሁም። ይህን ሲሰሙ የተያዩት መተያየት!

እስቲ ፍረዱኝ። የእሁዱ ቲኬት ብቻ በመቶ የሚቆጠር ፓውንድ ነው። ቤተሰብ ይዘህ ግባ ብትባል የወር ኪራይህን ይዘህ ነው የምትሄደው። ያም ይሁን፣ ፈረቃዬስ? የውድድሩ ሳምንት መጣ ማለት ግማሹ ሠራተኛ ፈቃድ ጠየቀ ማለት ነው። ፈቃድ የሚያገኘው ቀድሞ የጠየቀ ነው። አለቃችን ጃንዋሪ ላይ ቅጹን ሲከፍት እኔ ለፋሲካ ነው የምጠይቀው። የኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከነሱ ጋር ስለማይገጥም ልዩ ፈቃድ ነው፣ በልመና ነው። ሁለት ልመና በአንድ ዓመት አይሰማም። እናም በየዓመቱ ያን ሰሞን በቫን ዕቃ አደርሳለሁ። ኤ 43 የሚባለው መንገድ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሕዝብ ወደ ሲልቨርስቶን ይተማል፣ እኔ መሃሉ ላይ የሰው ምንጣፍ ጭኜ ተገትሬ እውላለሁ። ኮፍያ አያለሁ፣ ድንኳን አያለሁ። መኪና አላይም። ይህን ለአዳማ ልጆች እንዴት አድርጌ አስረዳለሁ? «መንገድ ዘጋብኝ» ብላቸው እንደ ሰበብ ነው የሚቆጥሩት።

ደግሞ አዳማም ቢሆን ሁሉ ነገር ማር አይደለም። ሰው አያስጨርስም። አንዱ «ቬርስታፐን ለመርሰዲስ ፈርሟል፣ አልቋል» አለ። አምና ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሀንጋሪ ውስጥ ሰውዬው በገዛ አፉ ለ2026 ሬድ ቡል እቀራለሁ ብሏል። ምንጭህ ምንድን ነው ስለው «ሁሉም ያውቃል» አለኝ። ሁሉም ማን ነው? ከኋላው የተቀመጠው ጓደኛው ነው፣ እሱም ከዚህኛው ነው የሰማው። ብትሞግተው ድምፁን ይጨምራል እንጂ ማስረጃ አይጨምርም። እዚህ ነጥብ ላይ የመጋዘኑ ልጅ ናፈቀኝ። ቢያንስ የማያውቀውን አውቃለሁ አይልም።

ወዲያው መብራት ጠፋ። ኳስ ተመልካቹ እያጉረመረመ ወጣ። እነሱ ንቅንቅ አላሉም። የስልክ መብራት አብርተው ስለ መኪና ነዳፊው ኒዊና ስለ አስተን ማርቲን ቀጠሉ። ለነሱ መጀመሪያውኑ ስክሪን አላስፈለጋቸውም።

አሁን የተጨነቁት ስለ መጀመሪያው ውድድር፣ ስለ ሜልቦርን ነው። ውድድሩ በነሱ ሰዓት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይጀመራል። እሁድ ነው፣ ጾም ነው፣ ግማሹ ቅዳሴ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት ደግሞ «ለስድስት ሰው ብዬ በጠዋት አልከፍትም» ብሏል። ሽማግሌ ሊልኩበት ነው። በእኔ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ ፈረቃ ላይ ነኝ፣ ስልክ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው።

ውርርድም አሲዘዋል። ሀሚልተን ፋሲካ ሳይደርስ ፖዲየም ከወጣ ልብስ ሰፊው የፍስክ ምሳ ይጋብዛል። ካልወጣ ባጃጅ ነጂው 44ቱን ልጦ ይጥላል። እኔን ዳኛ አደረጉኝ፤ ከዳኝነቱ ጋር የኮፍያ ትእዛዝ ተከተለ። ኦሪጅናል መሆን አለበት አሉ። እዚህ ሱቅ ገብቼ ዋጋውን አየሁት፣ የግማሽ ቀን ደሞዜን የሚበላ ኮፍያ ነው። ልብስ ሰፊው «ቀዩን ከአድዋ በፊት እንዳይልኩ» ሲል መልእክት ላከልኝ። ባጃጅ ነጂው ደግሞ ትናንት ማታ ደውሎ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «ጋሼ፣ ሳይዙ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ጭንቅላቴ ትልቅ ነው» አለኝ።