ለክቡር ደጃዝማች የቆሻሻ ገንዳ፣ ባሉበት የሰፈር ጥግ

ክቡር ሆይ፦

በቅድሚያ ጤናዎን እንጠይቃለን፤ ያንቱ በሽታዎ ይታወቃል፣ ከሩቅ ይሸታል። ጎንደር ሹመት የምታውቅ ከተማ ናት። ንጉሥ ሲነግሥና ሲሻር አይታለች፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጥም ትለያለች። ያንቱን ያህል ግን ከበር ተነሥቶ በአንድ ጊዜ አልጋ ላይ የወጣ በፋሲል ግቢ ዘመንም አልተሰማ።

ወጉማ ሌላ ነበር። ስለ ቆሻሻ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ባይፈጠርስ?» የሚለው ነው። ከተፈጠረ «ደግመን ብንገለገልበትስ?»፤ ካልሆነ «ቀልጦ ወይ በስብሶ ሌላ ነገር ቢወጣውስ?»። አንቱ ዘንድ መድረስ ያለበት ሦስቱም እምቢ ያሉት ነው። ዛሬ ከማራኪ እስከ አዘዞ ጓዳ የጠረገ ሁሉ ቀጥታ ወደ አንቱ ይገሰግሳል፤ አንቱም ሳይመርጡ ይቀበላሉ። ግብርዎ ሙሉ ነው፦ ውሻው በቀኝ፣ አሞራው በግራ፣ ፍየሏ ካርቶን እያኘከች መሐል።

ስለ ውፍረትዎ እናንሣ። ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ የአትክልት ልጣጭ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። በዚያ ላይ ክዳን አይወዱም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። አፍዎ 6 ካሬ ሜትር ቢሆንና በሐምሌ አንድ ቀን 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል 240 ሊትር ጠጡ ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር 12 ጀሪካን። መኪናው ሲያነሣዎት የሚያቃስተው ናፍጣ እያቃጠለ ውኃ ስለሚሸከም ነው። ያልተሸከመው ጥቁር ጭማቂ ከሥርዎ ሾልኮ በቦዩ ይወርዳል፤ በአንዱ ወገን ቀሃ፣ በሌላው አንገረብ፣ ከዚያ በመገጭ አድርጎ ጣና። እንግዲህ ርስትዎ እስከ ጣና ሰፍቷል፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ያጨሳሉ። የቡናው ከሰል ላዩ አመድ መስሎ ውስጡ ለሰዓታት ፍም ሆኖ ይቆያል፤ ካርቶንና ፌስታል ላይ ሲደፉት ሰው ከተኛ በኋላ ይነሣል። አመድ በቆርቆሮ ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይደፋ ቢያድር፣ ወይ ውኃ ቢርከፈከፍበት፣ ይህ ማዕረግ ይቀርብዎት ነበር።

ወዳጅዎ ፌስታልን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የማይበሰብሰውንና ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ከልክሎት ነበር። ምን ዋጋ አለው፤ 0.03 ሚሊ ሜትር በጣት አይለካ፣ ባለሱቁ መለኪያ የለው፣ ቀጭኑም ወፍራሙም እኩል ተንጠለጠለ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ውፍረት መለካቱን ትቶ ፌስታሉን ራሱን አገደ። ቅዳሜ ገበያ ዘንቢል ይዞ የወጣ ሰው ከአንቱ ጋር የሚተዋወቅበት ምክንያት ያንሰዋል። የተረፈ እንጀራም እንዲሁ፦ ሳይሻግት በስሱ ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ሲሰብሩት ቀጭ ሲል ድርቆሽ ሆኗል፤ በጨርቅ ከረጢት ይቀመጥ። በፌስታል ከታሰረ የቀረችው እርጥበት መውጫ አጥታ ታሻግተዋለች። የጠላው አተላ ለበግ ነው፤ ለአንቱ አልተጠመቀም።

የቢራ ጠርሙስ ለምን ግብርዎ ላይ እንደማይገኝ አስበው ያውቃሉ? 24ቱ በሳጥን ይሄዳል፣ 24ቱ ባዶውን ይመለሳል፣ ይታጠባል፣ ይሞላል። መያዣ ገንዘብ ስላለበት ማንም አይጥለውም። ሃይላንዱ መያዣ ስለሌለበት ያንቱ ባሪያ ሆነ። (ባዶውን ሃይላንድ ቤት ውስጥ ለዘይት ወይ ለሽሮ ማዋል መልካም፤ በረኪናና ላምባ ግን አይግባበት፣ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።)

ሃይላንድን ቆራሌው ይፈልገዋል፤ አንቱ ዘንድ ከገባ በኋላ ግን የሽሮና የዘይት ቅባት ይዞ ይወጣል፣ አንድ ቅባታም ጠርሙስ የጎረቤቶቹንም ዋጋ ያወርዳል። ክዳኑ ይፈታ፤ ክዳንና ጠርሙስ ላስቲካቸው ይለያያል። ውኃ ውስጥ ቢከቷቸው ጠርሙሱ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል፤ ጠርሙሱ 250 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም፣ ክዳኑ ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ይቀልጥና የቀለጠውን ሁሉ ያበላሻል። ቀጥሎ በእግር ይጨፍለቅ። የአንድ ሊትሩ ባዶ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስለሆነ ለ1 ኪሎ ከ30 በላይ ያስፈልጋል፤ ሳይጨፈለቅ ወደ አዲስ አበባ የተጫነ እንደሆነ መኪናው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አየር ጭኖ ይጓዛል። ካርቶንም ደረቅ ሆኖ ይቀመጥ፤ እርጥብ ካርቶን ገዢ የለውም።

የሚበሰብሰውን ብንነጥቅዎት ግን ደጃዝማችነትዎ ግማሹ ይገፈፋል። አንድ እጅ ልጣጭ፣ ሁለት ሦስት እጅ ደረቅ ነገር፦ የጤፍ ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ሰጋቱራ። የባህር ዛፍ ቅጠል አይብዛ፣ መበስበሱን ያዘገየዋል። ክምሩ ወርዱም ቁመቱም ርዝመቱም 1 ሜትር ካልሞላ ሙቀት አይይዝም፤ ስለዚህ ለብቻ ከመቸገር ሦስት አራት ቤት ቢተባበር ይሻላል። ደህና የተያዘ ክምር ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። በየሳምንቱ ወይ በየ15 ቀኑ ይገላበጥ። እፍኝ ወስደው ሲጨምቁት ጠብታ ሁለት ጠብታ ቢወጣ ልኩ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል። የበሰበሰ ዕንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ጭድ ይጨመርና ይገላበጥ። ደርቆ ከቀዘቀዘ ውኃና እርጥብ ልጣጭ ይፈልጋል። የቀዘቀዘ አመድ በየንጣፉ አንድ እፍኝ ይበቃል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አይግቡ፤ እነሱ ከገቡ አይጥና የግብርዎ ውሾች አድራሻ ይቀይራሉ። ሦስት አራት ወር ሲሞላው ጥቁር አፈር መስሎ የዝናብ አፈር ሲሸት ለጎመን መደብ ደርሷል።

ሁሉን እንነጥቃለን አላልንም። ዳይፐር ያንቱ ነው። የተሰበረ ሸክላና ከወጥ የተላቀቀ ቅባታም ላስቲክ ያንቱ ነው። የተሰበረ ብርጭቆም ይግባልዎት፤ እሱ ግን በካርቶን ተጠቅልሎ ላዩ ላይ «ብርጭቆ» ተብሎ ይጻፍበት፣ የሚያነሡት ልጆች እጅ እንዳይቆረጥ። የሐኪም መርፌና የባትሪ ድንጋይ ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ሰው ቢለምንዎትም እንዳይቀበሉ።

ክዳንዎንም ይልበሱ፤ ክረምት እየመጣ ነው።

አክባሪዎችዎ፣
የሰፈርዎ ሰዎች